ድመቷ ለማን ትቀራለች?

«ሰማንያ አንድ ዓመታቸው እኮ ነው! ድመቷ እሳቸውን ቀብራ ልትቀር አይደል እንዴ?» አለች ልጅቷ። የምታወራው ከባልደረባዋ ጋር ነበር፤ በሩን መዝጋት ግን ረስታለች። የእንስሳት መጠለያው እንግዳ መቀበያ ጠባብ ክፍል ነው። ንታቴ ሞቲቤዲ ሞሲያ፣ ንታቴ በአገሩ ቋንቋ አባት ማለት ነው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከተቀመጡበት ወንበር እስከ ልጅቷ አፍ ድረስ፣ የውሻ ምግብ ከታጨቀበት ከረጢት በቀር የሚጋርድ ነገር አልነበረም። ሴልዋኔ የአባቷን ፊት ሰረቅ አድርጋ አየች። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ጆሯቸው ደነቆረ እየተባሉ ይታማሉ፤ እውነቱ ግን መስማት የማይፈልጉትን አይሰሙም እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው። ይህን ሰምተዋል። የባርኔጣቸውን ጠርዝ በጣታቸው አንዴ አዞሩት፣ ከዚያ ተዉት።

ሴልዋኔ መኪና መንዳት አስተማሪ ናት። በብሉምፎንቴን ከተማ ጎዳናዎች ላይ በሹፌር ጩኸት ደንግጣ አታውቅም፤ ይልቅ የጭነት መኪና ነጂዎች እሷን ሲያዩ መስኮታቸውን ይዘጋሉ። ስለዚህ ተነሣችና የውስጠኛውን በር በሁለት እጇ ገፋ አድርጋ ገባች። «እህቴ፣ አባቴ እዚህ የመጡት ድመት ሊወስዱ ነው ወይስ የመቃብር ቦታ ሊመርጡ?» አለች። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ የምትገባበት ጠፋት። ባልደረባዋ ሳቋን ለማፈን ወደ መስኮቱ ዞረች። በመጨረሻ ኃላፊዋ ወጥታ ነገሩን አበረደችው። ለሽማግሌ አንሰጥም የሚል ሕግ የለንም አለች። ሁለት ነገር ብቻ እንፈልጋለን፤ አንደኛ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰው መጥቶ ቤቱን ያያል። ሁለተኛ፣ አባትሽ አንድ ነገር ቢሆኑ ድመቷን የሚረከብ ሰው መታወቅ አለበት። «ያንንም የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ድመቷን የሚወስዱት እሳቸው ናቸውና» አለችና ፈገግ አለች፤ ቀላል ነገር የጠየቀች መስሏታል።

የመጀመሪያው ለሴልዋኔ ምንም አልነበረም። ቤቱን እንኳን አንድ ሰው፣ የከተማው ምክር ቤት በሙሉ ቢመጣ አታፍርም። ሁለተኛው ግን ያንን የማይታክት አፏን ዘጋው። በእነሱ ቤት፣ በሕይወት ያለን አባት «ሲሞቱ ይህ ለማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ቆመው ሳሉ ለሬሳ ሣጥን ቁመታቸውን እንደመለካት ነው። ሰው ሲሞት የእናቱ ወንድም ይመጣል፤ ልብሱን ግቢ ውስጥ ዘርግቶ ይህ ለእገሌ፣ ያ ለእገሊት እያለ ያከፋፍላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን የአባቱን ካፖርት አተኩሮ የሚያይ ልጅ ነውረኛ ነው። የሴልዋኔ እናት ባለፈው ጥቅምት ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ማንም ምንም አልጠየቃት። ሄደች። ዕቃዋ በግምት ተከፋፈለ፤ በአንዲት የሱፍ ሻል ምክንያት ሁለት አክስቶች ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት።

ድመቷ ደግሞ ይህን ሁሉ ጣጣ ታመጣለች ብሎ ማንም አይገምታትም። የመጨረሻው ጎጆ ውስጥ ያለች፣ ግማሽ ጆሮዋን ጠብ ላይ የጣለች፣ ባለ ሸንተረር ግራጫ ባልቴት ናት። ሰው ሲመጣ ጀርባዋን ትሰጣለች፤ ስለዚህ እዚያ ከርማለች። ያን ዕለት ጠዋት ንታቴ ሞቲቤዲ የሚፈነጥዙትን ግልገሎች ሁሉ አልፈው እሷ ጋ ቆሙ። ጀርባዋን ሰጠቻቸው። እሳቸውም ወንበር ሳቡና ጀርባቸውን ሰጧት። እንዲያ ጀርባና ጀርባ ሆነው ብዙ ቆዩ፤ ሠራተኞቹ እየተጠቃቀሱ ያዩአቸው ነበር። በኋላ ድመቷ ተነሣች፣ በፍርግርጉ መሃል አፍንጫዋን አሾልካ የካፖርታቸውን ጫፍ አሸተተች፣ ከዚያ ራሷን ጣል አደረገችበት። «ይቺ ናት፤ ስሟ ሞኤቲ ነው» አሉ። በቋንቋቸው እንግዳ ማለት ነው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ አፍ አውጥተው አንድ ነገር ሲፈልጉ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ሴልዋኔ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

አሁን ግን በመኪናው ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። የሴልዋኔ መኪና ጣሪያዋ ላይ የለማጅ ምልክት የተሸከመች ትንሽ ነጭ መኪና ናት። መብራት ላይ ሲቆሙ አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮቱ ብቅ አለና፣ «ንታቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ መንጃ ፈቃድ? ጎበዝ! ግን ይቺን አስተማሪ ይጠንቀቋት፣ ትቆጣለች!» ብሎ ጮኸ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሽማግሌው አንድ የነገር ጫፍ ይወረውሩለት ነበር። ዛሬ ባርኔጣቸውን ብቻ ነካ አደረጉለት። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ በቀብር ሰልፍ ተጨናንቋል፤ የሬሳ መኪናው መብራቱን አብርቶ በእርጋታ ሲያልፍ ንታቴ ሞቲቤዲ እንደ ወትሮው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። መኪናው ካለፈ በኋላም መልሰው አላደረጉትም። ሴልዋኔ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ማርሽ ቀየረች።

ቤታቸው ባቶ ሰፈር ነው፤ አጥሩ በተስተካከለ ቁጥቋጦ የተከበበ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከፊቱ ጽጌረዳና ሁለት የኮክ ዛፎች ያሉት አሮጌ ቤት። ኮኮቹ አሁን አብበዋል፤ የመስከረም ነፋስ አበባውን ከአቧራ ጋር እየደባለቀ በረንዳው ላይ ይዘራዋል። ሴልዋኔ የለማጇን ቀጠሮ በስልክ ሰርዛ እጅጌዋን ሰበሰበች። የበረንዳውን ወለል በቀይ ቀለም ቅባት ወለወለችው፣ የድንጋይ ከሰል ምድጃውን አጸዳች፣ ዳቦ ቆሎ የሚያክሉ ትንንሽ ኩኪሶችን ጋገረች፣ ጎረቤት ልካ የዝንጅብል ቢራ አስመጣች። የሚመጣው እንግዳ ቤቱን ሊያይ እንጂ ምግቡን ሊቀምስ አይደለም፤ ሴልዋኔ ግን እንግዳ ጥርስ ውስጥ ምግብ ከገባ ምላስ ለክፉ አይፈታም ብላ ታምናለች። ዕቅዷንም በዚያው አበጀች። አባቷ ከኮኮቹ ሥር ይሆናሉ፤ እንግዳውን ወጥ ቤት ታስቀምጠዋለች፤ ጥያቄው ሲመጣ «እኔ ነኝ የምረከባት» ብላ ታስገባለች፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ ሽማግሌው ጆሮ ሳይደርስ። ሌላ መልስስ ከየት ይመጣል? አባቷን ሐኪም ቤት የምትወስድ እሷ፣ መድኃኒት የምታመጣ እሷ፣ ጥፍራቸውን የምትቆርጥ እሷ።

ከወንድሟ ከታንኪሶ ጋር በስልክ የተነጋገሩት ምድጃውን ስትጠርግ ነው። ታንኪሶ የኢንሹራንስ ሰው ነው፤ ከከተማው ማዶ ዘበኛ በሚጠብቀው አዲስ የቤቶች ግቢ ውስጥ ይኖራል። ስጦታ ይልካል፣ ስልክ ይደውላል፣ በአካል ግን ለበዓል ካልሆነ አይታይም። የጠዋቱን ነገር ስትነግረው በመጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሳቀ።

«አውሲ፣» አላት፤ ታላቅ እህቱን እንደዚያ ነው የሚጠራት፣ «ጆሮዋ ለተቆረጠ የጎዳና ድመት ይህ ሁሉ ፈተና? እኔ የማውቃት አርቢ አለች፤ ድመቶቿ እስከ ቅድመ አያታቸው የተመዘገቡ ናቸው። ገንዘብ ትሰጫታለሽ፣ ድመት ትሰጥሻለች። ዕድሜሽን አትጠይቅ፣ ቤትሽን አታይ።»

«ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ሺህ ራንድ።»

«ለድመት! ታንኪሶ፣ በዚያ ገንዘብ እኮ የንታቴን ጣሪያ በሙሉ ታድሳለህ።»

«ጣሪያ እግር ሥር አይተኛም።»

«ይልቅ እንዳትሞክረው። ንታቴ ድመት እንደማይገዙ ታውቃለህ። የገዛ ዘመድ በገንዘብ አይገዛም።»

«አሁን ደግሞ ጀመርሽ። ለሚስቴ ከብት አልነዳሁም እንዴ?»

«ከብቱ ለወላጆቿ ነው፣ የእሷ ዋጋ አይደለም። ይህን እሳቸው ፊት እንዳትደግመው፣ ዱላቸውን ያነሣሉ!» አለችና ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሶቶዎች እያንዳንዱ ነገድ የሚያከብረው እንስሳ አለው፤ አንዱ አንበሳ ነኝ ይላል፣ ሌላው አዞ፣ ሌላው ጥንቸል። የሞሲያ ቤተሰብ ከባሲያ ነገድ ነውና የእነሱ ድመት ናት። ሰፈሩ ውስጥ ድመት ሲያዩ የሚያማትቡና ድንጋይ የሚያነሡ ሞልተዋል፤ ንታቴ ሞቲቤዲ ግን ድመት ሲያልፍ መንገድ ይለቃሉ። የማይገዛ መሆኑ የነገዱ ሕግ ይሁን የራሳቸው ፈጠራ ማንም አጣርቶ አያውቅም። እሳቸው ግን እንደ ሃይማኖት ይዘውታል፤ በዚያ ቤት የኖሩት ድመቶች ሁሉ ወይ በዝናብ የመጡ ናቸው፣ ወይ ከባቡር ጣቢያ መጋዘን በካፖርት ኪስ የወጡ።

ከሰዓት በኋላ ከመጠለያው የተላኩ፣ አሮጌ ክፍት ጫማ ያደረጉ አንዲት ነጭ ሴትዮ ከአቧራማ ፒካፕ ወረዱ። ሜ ሄስተር፣ እማማ ሄስተር እንደማለት፣ ይባላሉ፤ ሰባ ሊሞላቸው ነው፣ ባርኔጣቸው ሰፊ፣ እግራቸው ያበጠ። ሴልዋኔ በእንግሊዝኛ ልትቀበላቸው ከንፈሯን ስታዘጋጅ፣ ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው፣ «ዱሜላንግ! በዚህ ቤት ሰላም ነው?» አሉ፤ የባሶቶዎች ቋንቋ፣ ሴሶቶአቸው፣ ላም ሲያልቡ ያደጉበት የገጠር ሴሶቶ ነው፣ ከሴልዋኔ የከተማ ቋንቋ ይልቅ የጠራ። ሴልዋኔ ትንሽ ደንገጥ አለች። ንታቴ ሞቲቤዲ ከኮኮቹ ሥር ብድግ ብለው እጅ ነሡ። የቤተ ክርስቲያን ኮታቸውን ለብሰዋል። ከጠዋት ጀምሮ ያን ጊዜ ብቻ ነበር ፊታቸው የተፈታው።

ሜ ሄስተር ቤቱን እንደሚገዛ ሰው አዩት። አጥሩ ላይ ቀዳዳ ፈለጉ፣ ከሳህን ማጠቢያው ሥር ጎንበስ ብለው የአይጥ መርዝ እንደሌለ አረጋገጡ፣ የጎረቤት ውሻ ይታሰር እንደሆነ ጠየቁ። የእናትየው ወንበር ምድጃው አጠገብ እንደነበረ አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም። ማዶው የንታቴ ወንበር ነው፤ መደገፊያው ላይ ባለ ቡናማና ክሬም መልክ ወፍራም የባሶቶ ብርድ ልብስ ተጥሏል፣ ባለቤታቸው በሠርጋቸው ቀን ትከሻቸው ላይ ያለበሰቻቸው። «ድመቷ የት ትተኛለች?» አሉ ሴትዮዋ። ሴልዋኔ ከገበያ የገዛችውን ቅርጫት ልታሳይ ስትቸኩል አባቷ በበሩ ብቅ ብለው በዱላቸው ወደ ብርድ ልብሱ አመለከቱ፣ «እዚያ» አሉና ወደ ኮኮቻቸው ተመለሱ። ሴልዋኔ ቅርጫቱን መልሳ አስቀመጠችው። ያንን ብርድ ልብስ እሷ እንኳ እንዳታጥበው ነው የሚከለክሏት።

ወጥ ቤት ገቡ። ሴትዮዋ ኩኪሱን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በሉ፤ የዝንጅብል ቢራውን አመሰገኑ፤ ሴልዋኔ ነገሩ ሁሉ በእጇ እንደገባ ተሰማት። «አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ ሜ ሄስተር። ሴልዋኔ ጥያቄው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀችም፤ «እኔ ነኝ! እኔ እረከባታለሁ፣ ምንም አያሳስብም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሴትዮዋ ፍርፋሪውን ከደረታቸው አራገፉ። «አይ ልጄ፣ ያንቺን ሰማሁ። ግን ድመት የሚወስዱት እሳቸው ናቸው» አሉና ያበጡ እግሮቻቸውን እየጎተቱ ወደ ግቢው ወጡ። ሴልዋኔ ትሪውን እንደያዘች ተከተለቻቸው፣ የምታደርገው ስለጠፋት።

የባሰውም ያኔ መጣ። የአጥሩ በር ሲጢጥ አለና ታንኪሶ ገባ፤ በአንድ እጁ የብር ቀለም ያለው የእንስሳት መሸከሚያ ሳጥን፣ በሌላው የታሸገ የድመት ምግብ። ሴልዋኔ ዓይኗን አፈጠጠችበት፤ አላያትም። ሳጥኑን ከኮኩ ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ከውስጡ የወጣችው ድመት፣ እውነቱን መናገር ከተፈለገ፣ ሰው ሊያያት የሚመጣ ዓይነት ናት፤ ጠጉሯ አመድማ ሰማያዊ፣ ጉንጯ ክብ፣ ዓይኖቿ የብርቱካን ቀለም። ነፋሱን አሸተተች፣ አንድ የኮክ አበባ አፍንጫዋ ላይ አረፈ፣ አስነጠሳት። «ይኸው ንታቴ! ማንም ሳይፈትንዎት የመጣች!» አለ ታንኪሶ፤ ፊቱ በርቷል፣ ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ያገኘውን ሽልማት ሲያመጣ እንደነበረው።

ንታቴ ሞቲቤዲ ድመቷን ለረጅም ጊዜ አዩአት። ባርኔጣቸውን ብድግ አደረጉላት፤ ድመትን ሰላም የሚሉት እንዲያ ነው። «ቆንጆ ናት» አሉ። «ውሃ ስጧት፣ መንገድ አድክሟታል።» ነገር ግን እጃቸውን አልዘረጉም። «ስንት ጠየቁህ?»

ታንኪሶ የያዘውን የድመት ምግብ አስቀመጠ። «ንታቴ፣ ስጦታ ዋጋው አይጠየቅም።»

«ልጄ፣ ዘመዴን ከገበያ ካመጣህልኝ ዋጋውን ማወቅ አለብኝ፤ ወይ ረክሷል ወይ ተወዷል።»

«እንግዲያስ ምን ላድርግ!» አለ ታንኪሶ፤ የፊቱ ብርሃን ጠፋ፤ ተከፍቷል፣ አላማረበትም። «እዚያ ሄደው ተሰደቡ! ሊሞቱ ነው ድመት አይገባቸውም ተባሉ! እኔ ዝም ልበል? ይሞታሉ ብለው...» ካለ በኋላ ከአፉ የወጣውን ሰማው። እጁን አፉ ላይ ጫነ። ቃሉ ግን ወጥቷል፤ ከኮኮቹ ሥር፣ በአባታቸው ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከመንገዱ ማዶ ድንኳን ተጥሎ ነበር፤ ከቀብር የተመለሱት ሰዎች እጃቸውን እየታጠቡ መዝሙር ይዘምራሉ። ሴልዋኔ ትሪውን ልትጥለው አስባ ነበር፣ ጫጫታ እንዲሆን ብላ፤ እጇ እንቢ አላት።

ሜ ሄስተር የዕድሜያቸውን ያህል ቀብር ያዩ ሴት ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ። «ንታቴ ሞሲያ፣ ልጅዎ ቸኮለ እንጂ እኔም ይህንኑ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ሲሞቱ ሞኤቲ ለማን ትቀራለች?»

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ሰማያዊቷ ድመት በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላ በኩል። ሴልዋኔ የሚቆጡ መሰላት፤ ወይም ደግሞ፣ ያ የባሰ ነበር፣ እንደ ጠዋቱ የባርኔጣቸውን ጠርዝ ብቻ የሚያዞሩ። አባቷ ግን ሙሉ ቀን የተሸከመውን ዕቃ እንዳወረደ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ተመስገን፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ጠየቀኝ» አሉ። «ማሴልዋኔ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች» የሚሏት ሚስታቸውን ነው፣ እናት በበኩር ልጇ ስም ትጠራለችና፣ «ልትናገር ትፈልግ ነበር። ዓይኗን አይቼ አውቃለሁ። አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት እኛ 'አይዞሽ፣ በቅርቡ ትወጫለሽ' እያልን ዘጋንባት። አንቺም፣ እሱም። ከሁላችሁም በላይ እኔ። የሱፍ ሻሉን ለማን እንደምትተወው እንኳ ሳትናገር ሄደች። አክብረናት አይደለም፤ ፈርተን ነው።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሊደብቁት አልሞከሩም። ሴልዋኔ ትሪውን መሬት አስቀመጠች። እናቷ በዚያ ነጭ አንሶላ ውስጥ ሆና ከንፈሯን ስታላቅቅ፣ እሷም ትራስ እያስተካከለች ወሬ ስትለውጥ ታወሳት፤ ዓመት ሊሞላው ነው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አሉ ንታቴ ሞቲቤዲ፤ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ የሟች ልብስ ዘርግቶ እንደሚያከፋፍል የእናት ወንድም ሆኑ። «የቤተ ክርስቲያን ኮቴ ለሠፈሩ እድር ጸሐፊ፤ የእሱ ተበልቷል፣ አይቼዋለሁ። የባቡር ጣቢያው የኪስ ሰዓት ለልጅህ፣ ታንኪሶ፤ እሷ ዕቃ ፈታትታ መግጠም ትወዳለች። ቤቱ ለሴልዋኔ፣ ከኮኮቹ ጋር፤ ኮኮቹን ከቆረጠች ተነሥቼ እመጣለሁ። ብርድ ልብሱ አለ። ድመቷ የምትተኛው ብርድ ልብሱ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከብርድ ልብሱ ጋር ትሄዳለች። ብርድ ልብሱ ለታንኪሶ።»

ሴልዋኔ ቤቱን አልሰማችውም፤ ብርድ ልብሱን ብቻ ነው የሰማችው። «ለታንኪሶ?» አለች። ልታቆመው ሞከረች፣ አልቻለችም። «ንታቴ፣ ጠዋት ማን ይዞዎት ሄደ? ከዚያች ልጅ ጋር ማን ተጣላ? ወለሉን ማን ወለወለ? እሱ እኮ ለበዓል እንኳ ዘግይቶ ነው የሚመጣው! ዛሬም የመጣው ሳጥን ይዞ ነው!»

«እሱን ነው የምልሽ» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ አንዲት ክር ባልተውልሽም ትመጫለሽ፤ አውቅሻለሁ። እሱ ግን ለመምጣት ምክንያት ያስፈልገዋል። እጁ ባዶ ከሆነ በሩን ማንኳኳት ያፍራል።» ወደ ታንኪሶ ዞሩ። «ድመት የማታውቀውን ሰው አትከተልም። እኔ ሞቼ መጥተህ ልትወስዳት ብትል ጣሪያ ላይ ትወጣብሃለች። ስለዚህ አሁን ታውቅህ። እሑድ እሑድ ትመጣለህ፣ ምንም ሳትይዝ፤ እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ የእናትህ ወንበር ላይ፣ እሷም እስክትለምድህ ጀርባህን ትሰጣታለህ።»

ታንኪሶ፣ ሰባት ሰዎች የሚያዙለት፣ ቁጥር የሚያንበለብል ሰው፣ እንባው ክራባቱ ላይ ሲወርድ በእጁ መዳፍ ይጠርጋል፣ መልሶ ይወርዳል። ሜ ሄስተር፣ «ልጄ፣ ትረከባታለህ?» ብለው ጠየቁት። «እረከባታለሁ» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ። «በቃኝ» አሉ ሴትዮዋ፤ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና ከትሪው ላይ አራተኛውን ኩኪስ አነሡ። ሴልዋኔ ግን እዚያው ቆማ የተባለችውን በልቧ ደጋገመችው። ባልተውልሽም ትመጫለሽ። ይህን ከአባቷ አፍ ሰምታው አታውቅም፤ ከብርድ ልብሱ ይልቅ ይህ ይሞቃል፣ ማንም ሊካፈላትም አይችልም። ቀና ብላ የወንድሟን ጀርባ በመዳፏ መታ አደረገችው፤ እንባ መጥረጊያ መሐረብ መስጠቷ ነው።

«ይህቺ ቆንጆስ?» አለ ታንኪሶ ሰማያዊቷን ድመት እያየ።

«ለልጅህ ውሰድላት፣ ጥፋቷ አይደለም» አሉ ንታቴ ሞቲቤዲ። «ስትመጡ ይዛችኋት ኑ። በእንግድነት ትገባለች።»

መጠለያው ሳይዘጋ ሦስቱም በሴልዋኔ መኪና ሄዱ፤ ሽማግሌው ከፊት፣ ታንኪሶ ከኋላ ጉልበቱ አገጩን እየነካው። ሰማያዊቷ ድመት ከውሃዋ ጋር ወጥ ቤት ቀረች። የጠዋቷ ልጅ ንታቴ ሞቲቤዲን ስታይ ከጠረጴዛው ጀርባ ልትገባ ደረሰች። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ «ልጄ፣ ልክ ነበርሽ፤ ይቺ ድመት ትቀብረኛለች። አንድ የሚቀብረኝ ወዳጅ ልፈልግ ነበር የመጣሁት» አሏት፤ ልጅቷም ሳታስበው ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗ ረጠበ፣ ጎጆውን ራሷ ሄዳ ከፈተችላቸው። ሞኤቲ ሁሉንም አየቻቸው፣ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ ታንኪሶ የለበሰው ሱሪ ሳይገደው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለና ጀርባውን ሰጣት። ትንሽ መጠበቅ ነበረባቸው።

ሲመለሱ ጀንበር ወደ ማዘቅዘቁ ነበር፤ የቀብሮቹ ሰልፍ አልቆ መንገዱ ተከፍቷል። ሞኤቲ ከኋላ፣ ከመጠለያው በተሰጣቸው የካርቶን ሳጥን ውስጥ፣ የታንኪሶ ጉልበት ላይ ናት፤ በቀዳዳው ግማሽ ጆሮዋ ብቻ ይታያል። ሴልዋኔ በመስታወቱ ወንድሟን ታየዋለች፤ አንድ ጣቱን ወደ ቀዳዳው ያስጠጋል፣ ይመልሳል፣ ያስጠጋል።

«ንታቴ፣» አለ በመጨረሻ፣ ስብሰባ እንደሚይዝ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እሑድ በስንት ሰዓት ልምጣ?»

ሽማግሌው ከፊታቸው ያለውን መንገድ ያያሉ። ባርኔጣቸው ራሳቸው ላይ ነው።

«ነገ እኮ እሑድ ነው» አሉ።